የፕላዝማ መቁረጫ በላስታ ከፍታ

ፕላዝማ በመማሪያ መጻሕፍት አራተኛው የቁስ አካል ሁኔታ ተብሎ ሲተዋወቅ ምሳሌዎቹ ዘወትር ፀሐይ፣ ከዋክብትና መብረቅ ናቸው። ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ ለእኛ የቀረበው ግን በብረታ ብረት ሥራ ቤት ውስጥ የሚገኘው ነው። የፕላዝማ መቁረጫ የታመቀ አየርን በጠባብ የመዳብ አፍንጫ እያሳለፈ በኤሌክትሪክ ቅስት ያግለዋል፤ አየሩም ወደ ኤሌክትሮኖችና አዮኖች ተከፋፍሎ ከ20,000 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ይግላል። የፀሐይ ገጽ ሙቀት 5,500 ያህል ብቻ መሆኑን ልብ ይሏል። ላሜራውም ሆነ አንጎላሬው በዚህ ጅረት ፊት ይቀልጣል፤ የቀለጠውንም ያው አየር ጠራርጎ ያወጣዋል።

ለላስታ ይህ መሣሪያ ያለው ጥቅም ግልጽ ነው። የኦክስጅንና የአሴቲሊን ሲሊንደር በዚያ ዳገትና ቁልቁለት ማመላለስ ይቀራል፤ ኤሌክትሪክና ኮምፕሬሰር ካሉ በርና መስኮት የሚሠራ ሰው በግራይንደር ብዙ የሚለፋበትን ቆረጣ ባጭር ጊዜ ይጨርሳል። ስለዚህ የምጽፈው መሣሪያውን ለመቃወም አይደለም። ክርክሬ በላዩ ላይ ከታተሙት ቁጥሮች ጋር ነው።

የብየዳና የፕላዝማ መቁረጫ ማሽኖች የሚሠሩበት ዓለም አቀፍ መለኪያ መደበኛውን የአገልግሎት ከፍታ ከባሕር ወለል በላይ እስከ 1,000 ሜትር አድርጎ ይወስነዋል። ላሊበላ የምትገኘው 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ወደ ታች ወርዶ የተሠራው የሹምሸሃ አውሮፕላን ማረፊያ እንኳ ወደ 2,000 ሜትር ይጠጋል፤ ከከተማዋ በላይ ያለው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ደግሞ ከ4,200 ሜትር ያልፋል። በሌላ አነጋገር ላሊበላ ላይ የሚሠራ ማሽን ሁሉ አምራቹ ካሰበው ወሰን ውጭ ነው። አዲስ አበባም ከዚህ አትድንም፤ ነገር ግን በዋና ከተማ ማሽን የከዳው ሰው ጠጋኝ ያገኛል።

ከፍታው የሚያመጣው ለውጥ ምንድን ነው? በላሊበላ የከባቢ አየር ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ስለሆነም ኮምፕሬሰር በእያንዳንዱ ምት የሚስበው የአየር መጠነ ቁስ በአንድ አራተኛ ገደማ ይቀንሳል። የቆራጩ ፍላጎትስ? በጌጁ ላይ 5 ባር ሲነበብ በባሕር ጠረፍ ፍጹም ግፊቱ 6 ባር፣ በላሊበላ 5.75 ባር ነው። በአፍንጫው የሚያልፈው አየር የሚወሰነው በዚህ ፍጹም ግፊት በመሆኑ ፍላጎቱ የሚቀንሰው በመቶ 4 ብቻ ነው። አቅርቦቱ በሩብ ወርዶ ፍላጎቱ እዚያው ቀረ ማለት ነው። በማኑዋሉ ልክ የተገዛ ኮምፕሬሰር ላሊበላ ላይ የማይበቃው በዚህ ምክንያት ነው።

አየር ሲያንስ ቅስቱ ተጠብቦ መውጣት ያቅተዋል፤ የመዳቡ አፍንጫ በሚገባ አይቀዘቅዝም፤ የተቆረጠውም ጠርዝ በዝቃጭ ይሞላል። ሠራተኛው ማሽኑ ደከመ ብሎ አምፔሩን ከፍ ያደርጋል፤ አፍንጫውም ይቃጠላል። መፍትሔው ለማኑዋሉ ልክ የሲሶ ጭማሪ ያለው ኮምፕሬሰር መግዛት፣ ግፊቱንም ማሽኑ ቆሞ ሳይሆን አየሩ በቶርቹ እየወጣ ሳለ ማንበብ ነው። ጄኔሬተርም እንዲሁ ነው፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር በዚህ ከፍታ ከጉልበቱ አንድ አራተኛ ገደማ ያጣል። ላሊበላ በጦርነቱ ሳቢያ በ2014 ዓ.ም. ለበርካታ ወራት ያለ መብራት ቆይታለች፤ ጄኔሬተር ገዝቶ መሥራት የሚያስብ ሰው ይህን ሒሳብ አስቀድሞ ሊያውቀው ይገባል። የማሽኑ ማራገቢያ የሚገፋው አየርም ስስ ነው፤ የደጋው ቅዝቃዜ ጥቂት ቢያካክስም ማሽኑ በአቧራ ከታፈነ ምንም አይረዳውም።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን የኤሌክትሪኩ ነገር ነው። የተለመደው የብየዳ ማሽን ቅስት ሳይጀምር በጫፉ ያለው ቮልቴጅ ከ100 ያንሳል፤ የፕላዝማ መቁረጫ ግን ብዙውን ጊዜ ከ250 እስከ 400 ቮልት ይደርሳል። በያጅ በዘመኑ ሁሉ ኤሌክትሮዱን በባዶ እጁ እየቀየረ፣ ወረዳው እርጥብ ሆኖም ቢሆን፣ ትንሽ ነዘረኝ ብሎ አልፎታል። ያንኑ ልማድ ይዞ የፕላዝማ ቶርች የሚፈታ ሰው ሁለተኛ ዕድል ላያገኝ ይችላል። አፍንጫውም ሆነ ኤሌክትሮዱ ሊነካ የሚገባው ማሽኑ ጠፍቶ ሶኬቱ ከተነቀለ በኋላ ነው። በቶርቹ ላይ ያለውን የደኅንነት ማብሪያ በሽቦ አስሮ ማለፍ ደግሞ ለማንም የማልመክረው ድፍረት ነው።

በሥራ ቤቶች ሁለት የተለያዩ ነገሮች አንድ ላይ «ግራውንድ» መባላቸው ችግሩን ያባብሰዋል። አንደኛው በሚቆረጠው ብረት ላይ የሚነከሰው መቆንጠጫ ሲሆን ሥራው የመቁረጫውን ከረንት ወደ ማሽኑ መመለስ ነው፤ ቀለሙና ዝገቱ በተፋቀበት ቦታ፣ ተቆርጦ በማይወድቀው ወገን ላይ መነከስ አለበት። ሁለተኛው የማሽኑን ቆርቆሮ ከመሬት ጋር የሚያገናኘው ሽቦ ነው። አንዱ ሌላውን አይተካም።

ይህ ሁለተኛው በላሊበላ የራሱ ፈተና አለው። አብያተ ክርስቲያናቱን ለመፈልፈል የተመቸው የእሳተ ገሞራ ዐለት ለመሬት ዘንግ አይመችም፤ ዘንጉ ጥቂት ገብቶ ይቆማል፤ በበጋም ስስ የሆነው አፈር ደርቆ ኤሌክትሪክ ማስተላለፉ ይቀንሳል። ለምሳሌ የመሬቱ ተቃውሞ 100 ኦም ነው እንበል። ውስጡ ያለ ሽቦ ተልጦ የማሽኑን አካል ቢነካ በ220 ቮልት የሚፈሰው 2.2 አምፔር ብቻ ነው። የ32 አምፔር ብሬከር ይህን ከቁብ አይቆጥረውም፤ ማሽኑም የሚነካውን ሰው እየጠበቀ ይቆያል። በአንጻሩ በ30 ሚሊ አምፔር ልዩነት የሚቆርጠው መከላከያ፣ ኤሌክትሪክ ሠራተኞች አር ሲ ዲ የሚሉት፣ በዚያው 100 ኦም ላይ ገና 3 ቮልት ሲደርስ ያጠፋዋል። ይህን መከላከያ ሳያስገጥሙ በዐለት ላይ ማሽን መትከል አይገባም እላለሁ። ዘንጉ አልገባ ካለ አፈር ባለበት ረዘም ያለ ቦይ ቆፍሮ መዳብ በአግድም መቅበርና ማስለካት ይቻላል። ይሁንና ይህ መከላከያ በቶርቹ ጫፍ ካለው ቮልቴጅ አያድንም፤ ያ በኩል ከመስመሩ በትራንስፎርመር የተለየ ስለሆነ የሚያድነው ደረቅ ጓንትና የነቀሉት ሶኬት ነው።

ስለ ዓይን ብዙ ስለተባለ ላሳጥረው። የፀሐይ መነጽር አይበቃም፤ እስከ 40 አምፔር ቁጥር 5፣ ከዚያ እስከ 60 ቁጥር 6 መስተዋት ያስፈልጋል። ሕመሙ ከሰዓታት በኋላ በሌሊት ዓይን ውስጥ አሸዋ የገባ ያህል ሆኖ ስለሚመጣ ላሜራውን ይዞ የቆመው ረዳት ልጅ ምክንያቱን ላያገናኘው ይችላል። መስተዋት ለቆራጩ ብቻ ተገዝቶ ለረዳቱ አለመገዛቱ ከድህነት ይልቅ ከንቀት የመጣ ይመስለኛል። ዚንክ የተቀባ ቆርቆሮ ሲቆረጥ ጭሱ ትኩሳት ያስይዛል፤ በደጅ፣ ነፋሱን በጀርባ አድርጎ መቁረጥ ይሻላል። ነዳጅ ወይም ዘይት የነበረበትን የተዘጋ በርሜል ግን ጨርሶ አለመንካት ነው፤ ይፈነዳል።

ጥገናው ቀላል ነው። የኮምፕሬሰሩን ውኃ በየቀኑ፣ በክረምት ደግሞ ከዚያም አዘውትሮ ማፍሰስ ያስፈልጋል፤ እርጥብ አየር ቅስቱን ያውካል፣ አፍንጫውንም ይበላል። በኤሌክትሮዱ ጫፍ ያለችው የሃፍኒየም ነጥብ 1.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ከጎደጎደች ኤሌክትሮዱ ይቀየር፤ ከዚህ ያለፈ ቁጠባ ቶርቹን ያስከፍላል።

አንድ ነገር ልጨምር። በ2000 ዓ.ም. በአብያተ ክርስቲያናቱ ላይ የቆሙት የብረት መጠለያዎች በ2011 ዓ.ም. ነዋሪውን ለሰልፍ እስከማስወጣት አነጋግረዋል። አንድ ቀን ሲጠገኑ ወይም ሲነሡ ማንም ቢሆን ፈጣኑን መቁረጫ መፈለጉ አይቀርም። የፕላዝማ ፍንጣሪ ሜትሮች ርቆ ይበራል፤ ከታች ያሉት ደግሞ ዕድሜ ጠገብ እንጨት፣ መጋረጃና ብራና ናቸው። እዚያ ቦታ ብሎን መፍታትና በእጅ መጋዝ መቁረጥ ግዴታ ሊሆን ይገባል፤ የጊዜው ብክነት ምንም ያህል ቢሆን።

አስመጪዎች በማሽኑ ላይ የ2,500 ሜትር ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት እንዲለጥፉ የሚጠይቅ አካል እስኪመጣ ድረስ ሒሳቡን የመሥራቱ ድርሻ የእኛ የፊዚክስ ክፍሎች ነው። ግፊት መለኪያ፣ መልቲሜትርና የመሬት ተቃውሞ መለኪያ ይዘው ሁለት መምህራንና ጥቂት ተማሪዎች በሳምንት የላሊበላን ሥራ ቤቶች ያዳርሷቸዋል። መለኪያዎቹ በየቤተ ሙከራው ቁም ሣጥን ውስጥ አሉ፤ የጎደለው መኪናና የፈቃድ ደብዳቤ ነው።