ለአረጋውያን «ስፖርት ይሠራሉ?» የሚለው ጥያቄ አይበቃም

በክርያት አታም ሆነ በሌሎች ከተሞች የሚኖሩ የማኅበረሰባችን አባቶችና እናቶች ኩፓት ሆሊም ሲሄዱ ከሚቀርቡላቸው ጥያቄዎች አንዱ «ስፖርት ይሠራሉ?» የሚል ነው። የብዙዎቹ መልስ አጭር ነው፤ «ኧረ የምን ስፖርት! በዚህ ዕድሜ?» ይላሉ። ጠያቂውም «አይሠሩም» ብሎ ይመዘግባል፤ ነገሩ በዚያው ያበቃል። መልሱን የሰጡት አባት ግን በየማለዳው ለጸሎት በእግራቸው የሚሄዱ፣ ከገበያ ዕቃ ተሸክመው ሦስተኛ ፎቅ የሚወጡ ሊሆኑ ይችላሉ። ከአልጋ ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ አልጋ ብቻ የሚሉም አሉ። በመዝገቡ ላይ ግን ሁለቱም አንድ ናቸው።

ጉዳዩ የወረቀት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የዕድሜ ጉዳይ ነው። አረጋዊ ሰው በቀን የሚንቀሳቀሰው መጠን ከሚኖረው ዕድሜ ጋር የተያያዘ መሆኑን ብዙ ጥናቶች አሳይተዋል። ከእነሱ አንዱ የተሠራው እዚሁ አገር ነው። በ1920 እና በ1921 የተወለዱ የኢየሩሳሌም ነዋሪዎች ከ1990 ጀምሮ ለረጅም ዓመታት በሐኪሞች ክትትል ሲደረግባቸው ቆይቷል። በ2009 በታተመው ውጤት መሠረት፣ በ70 ዓመታቸው ይንቀሳቀሱ ከነበሩት ውስጥ በቀጣዮቹ 8 ዓመታት ያረፉት 15.2 በመቶ ሲሆኑ፣ ከማይንቀሳቀሱት ግን 27.2 በመቶ ነበሩ። በ85 ዓመታቸው ደግሞ በ3 ዓመት ውስጥ ከሚንቀሳቀሱት 6.8 በመቶ፣ ከማይንቀሳቀሱት 24.4 በመቶ አርፈዋል። ልብ ሊባል የሚገባው ሌላም ነገር አለ፤ ቀድሞ ቁጭ ብለው ኖረው ከ78 እስከ 85 ባለው ዕድሜ መንቀሳቀስ የጀመሩትም ተጠቅመዋል። «አሁንማ መሽቶብኛል» ለሚል ሰው ከዚህ የተሻለ መልስ የለም።

እርግጥ ነው፣ የታመመ ሰው ትንሽ ይሄዳል፤ ቶሎም ሊያርፍ ይችላል። ስለዚህ ልዩነቱ ሁሉ ከእንቅስቃሴ የመጣ ነው ማለት አይቻልም። ተመራማሪዎቹ የበሽታንና የመሳሰሉትን ድርሻ ለይተው ካሰሉ በኋላ ግን ልዩነቱ አልጠፋም።

የኛን ሰው በ«ስፖርት» መለካት ደግሞ ከመጀመሪያውም አይሆንም። በጎንደር፣ በወልቃይትና በሰሜን መንደሮች ለጤና ብሎ የሚሮጥ ሰው አልነበረም። ገበሬው ከበሬው ኋላ ይውላል፤ አንጥረኛው መዶሻውን ሲያነሳና ሲጥል ይመሻል፤ እናቶች ውሃ ይቀዳሉ፣ ሸክላ ይሠራሉ፣ እህል ይፈጫሉ። በስግድ ቀን ሽማግሌው ሳይቀር ጾሞ ተራራ ይወጣ ነበር። ከዚያም ኢየሩሳሌም ብለው የተነሱት ሳምንታትን በእግራቸው ተጉዘው ሱዳን ደረሱ። በ1984 እና በ1985 በሙሴ ዘመቻ የመጡት ያን መንገድ ያለፉ ናቸው፤ 4,000 ያህል ወገኖች በመንገድና በሱዳን መጠለያዎች ቀርተዋል።

እዚህ ከመጡ በኋላ ኑሮው ተለወጠ። ውሃው ከቧንቧ፣ ዱቄቱ ከመደብር፣ መንገዱ በአውቶቡስ ሆነ። ከኢትዮጵያ እንደመጡ በማኅበረሰቡ ውስጥ እምብዛም ያልነበረው የስኳር በሽታ ከዓመታት በኋላ በጣም ተስፋፋ፤ ያውም ወፍራም ባልሆኑ ሰዎች ላይ ጭምር። ምግቡ መለወጡ አንድ ምክንያት ነው፤ ቁጭ ብሎ መዋሉ ሌላው ነው።

እዚህ ላይ በየቤቱ ያለ አንድ ነገር መነሳት አለበት። ልጆች ወላጆቻቸውን የሚያከብሩት በማስቀመጥ ነው። አባት ሊነሱ ሲሉ «እርስዎ ይቀመጡ፣ እኔ አመጣለሁ» ይባላሉ። እናት ቡና ሊወቅጡ ሲሉ «አይድከሙ» ይባላሉ። ከሱቅ የሚመጣውንም የልጅ ልጅ ያመጣል። ይህ ፍቅርና ጨዋነት ነው፤ ማንም አይነቅፈውም። ግን ጉልበት ካልሠሩበት ይከዳል። ለብዙ ዓመት «ይቀመጡ» የተባለ ሰው አንድ ቀን መነሳት ያቅተዋል። መከባበሩ ሳይቀር አነጋገሩ ይለወጥ፤ «ይቀመጡ» በሚባልበት ቦታ «ይምጡ፣ አብረን እንሂድ» ይባል።

ታዲያ ስንት እርምጃ ይበቃል? በየቦታው የሚወራው 10,000 ነው። ይህ ቁጥር ግን ከሐኪም የመጣ አይደለም፤ በ1965 ጃፓን ውስጥ ለሽያጭ ከቀረበ የእርምጃ መቁጠሪያ ስም የተወሰደ ነው። በአሜሪካ በአማካይ 72 ዓመት በሆናቸው 16,741 ሴቶች ላይ ተሠርቶ በ2019 የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ በቀን 4,400 ያህል እርምጃ የሚሄዱት 2,700 ያህል ከሚሄዱት ይልቅ የመሞት ዕድላቸው በ41 በመቶ ያነሰ ነበር። ጥቅሙ እየጨመረ ሄዶ 7,500 አካባቢ ሲደርስ ይቆማል። በ2022 የ15 ጥናቶችን ውጤት ያሰባሰበ ሥራም ከ60 ዓመት በላይ ለሆኑት ከ6,000 እስከ 8,000 እንደሚበቃ አመልክቷል። ትልቁ ትርፍ የሚገኘው ከምንም ወደ ጥቂት ሲኬድ ነው። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የተባለው ለዚህም ይሠራል።

መቁጠሪያውም ቢሆን ጉድለት አለበት። ጠረጴዛ ላይ የተተወ ስልክ አይቆጥርም። የእጅ ሰዓት ደግሞ የገበያ ጋሪ ወይም መደገፊያ የሚገፋን ሰው እርምጃ ይስታል፤ እጁ አይወዛወዝምና። ከሁሉ በላይ ሰንበት አለ። ጥናቶቹ መሣሪያውን 7 ቀን ያስይዛሉ፤ ሰንበትን የሚያከብር አባት ግን ቅዳሜ ያወልቀዋል፤ ያውም ወደ ጸሎት ቤት በእግሩ በሚሄድበት ቀን! መሣሪያው «ዜሮ» ቢል አይገርምም። ስለዚህ 6 ቀን በመሣሪያ ተቆጥሮ የሰንበቱ በቃል ቢጠየቅ እውነቱ ይገኛል።

መሣሪያ የማያስፈልገው መለኪያም አለ። 4 ሜትር መሬት ላይ ምልክት ተደርጎ ሰውየው እንደ ልማዱ ሲሄድ በሰዓት ይያዛል። በ2011 የወጣ፣ 34,485 አረጋውያንን ያካተተ ጥናት የአካሄድ ፍጥነት ከቀሪ ዕድሜ ጋር በጥብቅ እንደሚያያዝ አሳይቷል። 4 ሜትሩን በ5 ሴኮንድ የሚሄድ መካከለኛ ነው፤ በ4 ሴኮንድ የሚጨርስ የተሻለ ነው። ይህ መለኪያ ለኛ ሰው ሌላም ጥቅም አለው። የብዙ አባቶችና እናቶች የልደት ቀን በቴዑዳት ዘሁት ላይ የተጻፈው በግምት ነው፤ እግር ግን ወረቀት አይጠይቅም። ሌላው ደግሞ እጅን ደረት ላይ አጣጥፎ በ30 ሴኮንድ ውስጥ ከወንበር ስንት ጊዜ መነሳት እንደሚቻል መቁጠር ነው። በመንገድ ላይም መለኪያው ቀላል ነው፤ እየሄዱ መነጋገር ከተቻለና መዝፈን ካልተቻለ ፍጥነቱ ልክ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 ባወጣው መመሪያ በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴን ይመክራል። ከ65 ዓመት በላይ ለሆኑት ደግሞ ሚዛንንና ጉልበትን የሚያጠነክር ሥራ በሳምንት 3 ቀን እንዲጨመር ይላል፤ መውደቅ የሚከለከለው በዚህ ነውና። የልብ ሕመም ያለበት ወይም ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ግን አስቀድሞ ሐኪሙን ያማክር። የስኳር ሕመምተኛ ጫማውንና እግሩን በየቀኑ ይይ፤ በበጋም የቀትሩን ፀሐይ ይሽሽ።

እንግዲህ ከሚመለከታቸው ሁሉ የሚጠበቀው ብዙ ገንዘብ የሚፈልግ ነገር አይደለም። ኩፓት ሆሊሞች ጥያቄውን በአማርኛና በትግርኛ ይጠይቁ፤ «ስፖርት» በማለት ፋንታ ውሎውን ይጠይቁ፦ የት ይሄዳሉ? በምን ይሄዳሉ? ደረጃ አለ ወይ? ስንት ሰዓት ይቀመጣሉ? የ4 ሜትሩ ውጤትም በዓመት ሁለት ጊዜ ተለክቶ ከስኳሩና ከደም ግፊቱ ጎን ይጻፍ። በሰው ቋንቋ ማስረዳት እንደሚቻል ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በስኳር በሽታ ላይ የሠራው «ጤና ብሪኡት» ማኅበር አሳይቷል። የክርያት አታ ማዘጋጃ ቤት ደግሞ አረጋውያን በሚሄዱበት መንገድ ጥላና መቀመጫ መኖሩን፣ የእግረኛ መንገዱም እንደማያደናቅፍ ይመልከት። ሃያ እርምጃ ሄዶ ማረፊያ የሚያገኝ ሰው ሌላ ሃያ ይጨምራል።

ትልቁ ሥራ ግን የቄሶችና የሽማግሌዎች ነው። ጠብ ሲያስታርቁና ጋብቻ ሲያቆሙ የኖሩ ናቸው፤ ቃላቸው ይሰማል። በሞአዶን ከቡና በፊት ሩብ ሰዓት አብሮ መሄድ ይለመድ ቢሉ ይለመዳል። የቀረውን ጎረቤት ከበሩ ላይ ቢጠሩት ይወጣል። ብቻውን የሚኖር አረጋዊ ደግሞ ከእግሩ በፊት የሚፈልገው አብሮት የሚሄድ ሰው ነው። ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ እያንዳንዱ ሽማግሌ አንድ ሰው ይዞ ቢወጣ፣ ማንም በጀት እስኪፈቅድ ሳይጠበቅ ሥራው ይጀመራል።