ባለአገሩን ማን ጠየቀው?

ሳንሱሲ የፈረንሳይ አፍ ነው። ትርጉሙም «ያለ ሐሳብ» ማለት ነው። እስቲ እዚያ ሰፈር ያለ ሐሳብ የሚኖር ሰው ካለ ይምጣና ይንገረን! ከሰፈሩ ወጥቶ ቡራዩን የሚያቋርጠው የአምቦ መንገድ ነቀምቴንና መቱን አልፎ ጋምቤላ ያደርሳል። በዚህ መንገድ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚሰማው አቤቱታ ግን አንድ ነው፤ «ማን ጠየቀን?» የሚል።

ከቅርቡ እንጀምር። አዲስ አበባንና ዙሪያዋን ያሉትን የኦሮሚያ ከተሞች አጣምሮ የነደፈው ማስተር ፕላን በ2006 ዓ.ም. ተቃውሞ ቀሰቀሰ። አምቦ ላይ ደም ፈሰሰ። በ2008 ዓ.ም. እሳቱ ኦሮሚያን አዳረሰ፤ በዚያው ዓመት ጥር ላይ ዕቅዱ ተሰረዘ። እንግዲህ ሰው ከሞተ በኋላ መሰረዝ የሚቻል ከሆነ፣ ሰው ሳይሞት ገበሬውን መጠየቅ ለምን አቃተ?

ወደ መንገዱ ማዶ እንሻገር። በ2003 ዓ.ም. ካሩቱሪ ለተባለ የህንድ ኩባንያ ጋምቤላ ውስጥ 100,000 ሄክታር መሬት ለ50 ዓመት ተሰጠው። ኪራዩ ለአንድ ሄክታር በዓመት 20 ብር! በዚያው ሰሞን አኙዋክና ሌሎች የአካባቢው ነባር ሕዝቦች በመንደር ማሰባሰብ ፕሮግራም ከቀያቸው ይነሡ ነበር። መንግሥት «በፈቃዳቸው ነው፤ ትምህርት ቤት፣ ክሊኒክና ውሃ ሊያገኙ ነው» አለ። ሂዩማን ራይትስ ዎች ግን በጥር 2004 ዓ.ም. ባወጣው ዘገባ «ተገደን ነው» ያሉትን ሰዎች ቃል ይዞ ብቅ አለ።

ካሩቱሪስ ምን ሆነ? ታኅሣሥ 2008 ዓ.ም. ውሉ ፈረሰ። መንግሥት ራሱ እንደተናገረው፣ ከ100,000 ሄክታሩ የለማው 1,200 ብቻ ነበር። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይኼ አይደለም?

ሕግ ጠፍቶ ነው እንዳንል፣ ሕግ አለ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 አርሶ አደሩም አርብቶ አደሩም ከመሬቱ ያለመፈናቀል መብት አለው ይላል። አንቀጽ 43 ደግሞ ማኅበረሰቡን በሚነካ ፕሮጀክት ላይ ሕዝቡ ሐሳቡን ይጠየቅ ይላል። የጠፋው ጠያቂው ነው። የተባበሩት መንግሥታት የነባር ሕዝቦችን መብት መግለጫ በ143 ድምፅ ሲያጸድቅ ቀኑ መስከረም 2 ቀን 2000 ዓ.ም. ነበር፤ እኛ ሚሊኒየማችንን ባከበርን ማግሥት! ኢትዮጵያ ድጋፍም ተቃውሞም አልሰጠችም። ድምፅ ሲሰጥ አልተገኘችም።

ወገን፣ እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር ሳንሸፋፍን እንናገር። ነባር መሆን ያለመነቀል መብት ነው እንጂ ጎረቤትን የመንቀል ፈቃድ አይደለም። መስከረም 2011 ዓ.ም. እዚያው ሳንሱሲ አፍንጫ ሥር፣ ቡራዩ ውስጥ፣ ጋሞዎችና ሌሎች «መጤ» የተባሉ ወገኖቻችን ተገደሉ። የተረፉት ሸሽተው አዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ተጠለሉ። አርባ ምንጭ ላይ ወጣቱ ለበቀል ሲነሣ የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው መንገድ ላይ ተንበረከኩ። በቀሉም ቆመ። ሰውን የሚያከብር ባለአገር ማለት እንዲህ ነው!

ስለዚህ የምንጠይቀው ቀላል ነው። አንደኛ፣ መሬት ከመሰጠቱ በፊት በላዩ የሚኖረው ሰው በገዛ ቋንቋው ይጠየቅ፤ «አይሆንም» ቢልም አይታሰር። ሁለተኛ፣ ውሉ በአደባባይ ይነበብ። ሦስተኛ፣ ተነቅሎ የተጎዳ ሰው ካሣውን በፍርድ ቤት ያግኝ እንጂ ከባለሥልጣን ደጅ አይጥናው። ነባርም ይሁን ኋላ የመጣ፣ ሁሉም ቤቱ ተከብሮ ይደር።

ያኔ ሳንሱሲም እንደ ስሟ ትሆናለች። እስከዚያው ግን ሐሳብ አለብን። ጆሮ ያለው ይስማ!