ቆጥሮ የሚያውቅ፣ ማሳየት እንዴት ያቅተዋል?

ስልክ ሲሸጥ ሲም ካርዱ ይወጣል፤ ሚሞሪ ካርዱም ይወጣል። አካውንቱ ግን ብዙ ጊዜ እዚያው ይረሳል። ስልኩ በሚገባ ካልጸዳ፣ አዲሱ ባለቤት የቀድሞው ሰው በየወሩ የሚከፍልበትን የሙዚቃ አገልግሎት ተከፍቶ ያገኘዋል።

«ዘፈን አይደል እንዴ፣ ቢሰማው ምን ይጎዳል?» የሚል አይጠፋም። ይጎዳል። ስፖቲፋይን እንውሰድ። በአንድ የግል አካውንት በአንድ ጊዜ በኢንተርኔት የሚያጫውተው አንድ መሣሪያ ላይ ብቻ ነው። ሌላ ሰው በሌላ ስልክ ዘፈን ሲከፍት የከፋዩ ይቋረጣል። ያለ ኢንተርኔት ለመስማት ዘፈን ማውረድ የሚቻለውም ቢበዛ በ5 መሣሪያዎች ላይ ነው። ስድስተኛው ላይ ሲወርድ፣ ከአምስቱ መካከል ብዙ ጊዜ ሳይነካ የቆየው መሣሪያ ላይ ያለው ይሰረዛል። ዳታ ውድ በሆነበት፣ ኔትወርክ በሚቆራረጥበት አገር ዋይፋይ ተፈልጎ የወረደ ዘፈን እንዲህ ሲጠፋ ቀላል አይደለም።

የባሰም አለ። እ.ኤ.አ. በ2020 ተመራማሪዎች ያለ ጥበቃ የተተወ የመረጃ ቋት አገኙ። ከ300,000 እስከ 350,000 የሚገመቱ የስፖቲፋይ አካውንቶች መግቢያ ነበረበት። ከስፖቲፋይ የተሰረቀ አልነበረም። ከሌላ ቦታ ያፈተለኩ ኢሜይሎችና ፓስዎርዶች ስፖቲፋይ ላይ እየተሞከሩ የሠሩት ናቸው። አንድ ፓስዎርድ ለሁሉም ቦታ የሚጠቀም ሰው በራፉን ራሱ እንደከፈተ ይቆጠራል። ኩባንያውም የተጠቂዎቹ ፓስዎርድ እንዲቀየር አድርጓል።

ታዲያ ጥፋቱ የተጠቃሚው ብቻ ነው? አይደለም። ቴሌግራም የሚጠቀም ሁሉ ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ የትኛው ስልክ፣ ከየት አገር፣ መቼ እንደገባ ያያል፤ ያላወቀውን ነጥሎ ያስወጣል። ኔትፍሊክስም እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2022 መሣሪያዎችን አንድ በአንድ ማስወጣት የሚያስችል ገጽ ጨምሯል። ስፖቲፋይ ግን ለረጅም ጊዜ ለደንበኛው የሰጠው ከሁሉም መሣሪያ በአንድ ጊዜ የሚያስወጣ ቁልፍ ነው። አንድ ያልተጠራ እንግዳ ለማስወጣት ሠርጉን በሙሉ መበተን ማለት ነው። ይህ ቁልፍ እንኳ የሌሎች ኩባንያዎችን ስፒከርና የጌም ማጫወቻ አይነካም፤ እነሱን ለብቻ ማላቀቅ ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ ነው ጥያቄው። ስድስተኛው መሣሪያ ሲመጣ ኩባንያው ወዲያው ያውቃል። ከአምስቱ የትኛው ረጅም ጊዜ እንዳልተነካም ያውቃል። ገደቡን ለማስከበር ይህን ሁሉ የሚቆጥር፣ ያንኑ ዝርዝር ለከፋዩ ማሳየት እንዴት ይከብደዋል? የደንበኛው አካውንት ውስጥ ማን እንዳለ ከደንበኛው በላይ ኩባንያው ማወቁ ልክ አይደለም።

እስከዚያው ጥንቃቄው የተጠቃሚው ነው። ስልክ ከመሸጡ በፊት ከአካውንቱ መውጣትና ስልኩን ማጽዳት፤ ለሙዚቃው ሌላ ቦታ የማይሠራ ፓስዎርድ መስጠት፤ ያልታወቀ ዘፈን «በቅርብ የተሰሙ» ውስጥ ከታየ ፓስዎርዱን ቀይሮ ከሁሉም መሣሪያ መውጣት። የደንበኛው ድርሻ ይኸው ነው። ዝርዝሩን ማሳየት ደግሞ ገንዘቡን በየወሩ የሚሰበስበው ድርሻ ነው።