የአውቶሞቢል ቀለምና የሠራተኛው ሳንባ

በአዲስ አበባና በሌሎችም ከተሞች የአውቶሞቢል ጥገና ሥራ እየሰፋ በመሄዱ፣ ቀለም ረጪነት ብዙ ወጣቶች እንጀራቸውን የሚያገኙበት ሞያ ሆኗል። ደንበኛው መኪናውን በሚረከብበት ጊዜ የሚመለከተው ቀለሙ እንደ መስታወት ማብረቁን ነው፤ የረጨው ሠራተኛ በዚያው ሌሊት እያሳለ፣ ደረቱም እየተጨነቀ ማደሩን ግን የሚጠይቅ የለም። ባለጋራዡም ቢሆን ነገሩን ከብርድ ቆጥሮ ያልፈዋል።

ይህ ግምት ምን ያህል እንደሚያሳስት ለመረዳት የቀለሙን ባሕርይ ማወቅ ያስፈልጋል። ዛሬ ለመኪና ከሚመረጡት ቀለሞች ብዙዎቹ በጋራዥ ቋንቋ ሀርድነር የሚባለው ማጠንከሪያ ሲቀላቀልባቸው የሚደርቁ ናቸው። በዚህ ማጠንከሪያ ውስጥ አይሶሳያኔት የተባለ ንጥረ ነገር አለ፤ በኮምፕረሰር ኀይል ተበትኖ ጉም ሲሆን ከትንፋሽ ጋራ ወደ ሳንባ ይገባል። የቲነር ሽታ ራስን ስለሚያዞርና ጉሮሮን ስለሚከረክር ሰውን ያስጠነቅቃል። አይሶሳያኔት ግን በሚጎዳበት መጠን እንኳ ላይሸት ስለሚችል ሠራተኛው አይሸሸውም። ሳሉም አንዳንድ ጊዜ የሚጀምረው ሥራው ካለቀ ከሰዓታት በኋላ በመሆኑ፣ ከቀለሙ ጋራ የሚያያይዘው የለም። እሑድ ቀለል ብሎት ሰኞ ወደ ሥራ ሲመለስ የሚብስበት ሠራተኛ ካለ ግን፣ ብርድ ነው ብሎ ማለፍ አይገባም።

ሰውነቱ ይህን ነገር አንድ ጊዜ መቃወም ከጀመረ በኋላ፣ እጅግ ጥቂት መጠን እንኳ አስም ለመቀስቀስ ይበቃል። ቶሎ ከቀለሙ የራቀ ሰው የመዳን ተስፋው የተሻለ ነው፤ እየሳለ የቀጠለው ግን ሞያውን ከተወ በኋላ እንኳ ሕመሙ አብሮት ሊኖር ይችላል። ሞያ የሌለው፣ ሳንባም የሌለው ሰው ማለት ነው።

በየጋራዡ የታወቀው መድኀኒት ወተት ነው። የወተት ዋጋ መስጠቱን እንደ ትልቅ ቸርነት የሚቆጥር አሠሪም አለ። ወተት መልካም ምግብ ነው፤ ዳሩ ግን የሚወርደው ወደ ሆድ እንጂ ወደ ሳንባ አይደለም። በአፍ ላይ የሚታሰር ጨርቅም እንፋሎቱን አያግድም። ለዚህ ዐይነቱ ቀለም የሚገባው አየሩን ወደ ውጭ የሚስብ ማራገቢያ ያለው የተለየ ክፍልና ንጹሕ አየር በቱቦ የሚቀበል ጭምብል ነው። ርጭቱ ካቆመ በኋላም የማይታየው ጉም በክፍሉ ውስጥ ስለሚቆይ፣ ጭምብሉን ወዲያው ማውለቅ አደጋ አለው።

ትንሽ ጋራዥ ይህን ወጪ ብቻውን አይችለውም ቢባል እውነትነት አለው። ነገር ግን ጎረቤታም ጋራዦች ገንዘባቸውን አዋጥተው አንድ የርጭት ክፍል ቢሠሩና በተራ ቢገለገሉበት፣ ወጪውንም በደንበኛው ሒሳብ ላይ በግልጽ ቢያሰፍሩት የሚያሳፍር አይደለም። ዋጋ ሰብሮ ደንበኛ የሚስበው ጋራዥ ብዙ ጊዜ የሚቀንሰው ከትርፉ ሳይሆን ከሠራተኛው ጤንነት ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የአደጋ መከላከያ መሣሪያ እንዲያቀርብና አጠቃቀሙንም እንዲያስተምር ያስገድዳልና፣ ሕጉን አክብሮ የሚሠራው ነጋዴ በማያከብረው መበለጥ የለበትም።

ቀለም አስመጪዎችም ከነገሩ ውጭ አይደሉም። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ከኦገስት 2023 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ከተወሰነ መጠን በላይ ዳይአይሶሳያኔት ያለበትን ዕቃ ሥልጠና ያልወሰደ ሠራተኛ በሥራ ላይ እንዳይጠቀምበት ተከልክሏል። እዚህም አስመጪው በጣሳው ላይ ማስጠንቀቂያውን በአማርኛ ቢለጥፍ ወጪው የወረቀት ዋጋ ብቻ ነው። የሚያስል ሠራተኛም ሐኪም ዘንድ ሲላክ የጣሳው ጽሑፍ አብሮት ቢሄድ፣ ሐኪሙ ከምን ጋራ እንደሚሠራ አውቆ ይመረምረዋል።