ቤቱን ወደን ነው ወይስ መንገዱን ፈርተን?

በዚህ ዕትም የማጫውታችሁ ከገዛ ቤቴ ጓዳ የወጣ ጉዳይ ነው። ዕድሜያችሁ አርባን የተሻገረ ባለትዳሮች “ይህስ የእኛም ቤት ታሪክ ነው” ሳትሉ እንደማትቀሩ እገምታለሁ።

ባለፈው ዓመት ባለቤቴ በመጋቢነት ማገልገል ከጀመረ ሃያ ዓመት ሞላው። ከሚሴ ያለችው ቤተ ክርስቲያናችን ትንሽ ናት፤ የወጣቶቿ ልብ ግን ሰፊ ነው። ለወራት በድብቅ ሲያዋጡ ቆይተው አንድ እሑድ ከአምልኮ በኋላ ፖስታ ይዘው ወደ ፊት ወጡ። “እትዬ፣ እናንተ ዕረፍት ወጥታችሁ አታውቁም። አንድ ሳምንት ላንጋኖ ሄዳችሁ ታርፋላችሁ” አሉን። ጉባኤው በእልልታ ተቀበለው። ባለቤቴ እንባ አቀረረ። እኔም ፈገግ ብዬ አመሰገንኩ። በልቤ ግን አንድ ቃል ብቻ ነበር፤ “አልሄድም።”

ድሮ እንዲህ አልነበርኩም። የመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ተማሪ ሳለሁ አውቶብስ መሳፈር ለእኔ እንደ ሠርግ ነበር። የመስኮት ዳር መቀመጫ ለማግኘት ገና ሳይነጋ መናኸሪያ ደጃፍ እቆማለሁ። ጣርማበር ላይ ጉም መንገዱን ሲሸፍነው ሌላው ሲሰጋ እኔን ደስ ይለኝ ነበር። ከተጋባን በኋላም ለጉባኤ ስንጠራ ቀድማ ሻንጣ የምታዘጋጀው እኔው ነበርኩ። አሁን ግን የሚያስደስተኝ ሌላ ነው። ማታ የከሚሴ ሙቀት በረድ ሲል በረንዳ ላይ መቀመጥ፣ የራሴ ጀበና፣ የለመድኩት ትራስ፣ ሌሊት መብራት ሳላበራ የማገኘው የራሴ መጸዳጃ ቤት።

ባለቤቴ በአንጻሩ እንደ ልጅ ሆነ። የአውቶብስ ዋጋ ጠየቀ። የላንጋኖ ውኃ ቀለሙ ቡናማ ቢሆንም ብልሃርዝያ የለበትም ተብሎ ስለሚታወቅ እንደሚዋኝ ነገረኝ፤ ዋና የማያውቅ ሰው! እኔ ምክንያት መደርደር ጀመርኩ። “ዶሮዎቹን ማን ያያቸዋል? ጉልበቴስ? የትንሹ ልጅ ፈተናስ?” ሁሉም እውነት ነበር፤ ዋናው ምክንያት ግን ከመካከላቸው አልነበረም። በአራተኛው ቀን ማታ ባለቤቴ እጁን ከማዕዱ ሰብስቦ፣ “እስቲ ንገሪኝ፤ መሄድ ነው የጠላሽው ወይስ ከእኔ ጋር መሄድ?” አለኝ። የምመልሰው አጣሁ። ለሦስት ቀን ያህል “ቡና ደርሷል”፣ “በሩን ዝጋው” ከመባባል በቀር አልተነጋገርንም። በአገልጋዮች ቤት እንዲህ ያለ ዝምታ የለም የምትሉ ካላችሁ፣ አለ።

ሰውነት ሲናገር

በእነዚያ የዝምታ ቀናት ስለ ጉዳዩ ማሰብና ማንበብ ያዝኩ። መጀመሪያ ያገኘሁት መልስ ቀላሉ ነው፤ ሰውነት ይለወጣል። ከሚሴ ከባሕር ወለል በላይ 1,400 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ቆላ ናት። ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው በሰንበቴ፣ በአጣዬና በሸዋ ሮቢት አልፎ፣ ከደብረ ሲና በላይ ከ3,000 ሜትር የሚበልጠውን የጣርማበር ተራራ ይወጣል። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተሠራውን ዋሻ ሲያልፍ የደብረ ብርሃን ብርድ ይቀበለዋል። እስከ አዲስ አበባ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ላንጋኖ ለመድረስ ከዚያ ወዲያ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ይቀራል። የሃያ ዓመት ልጅ ይህን ተጉዞ ከአውቶብስ ሲወርድ ይሮጣል። የሃምሳ ዓመት ሰው እግሩ አብጦ፣ ወገቡን ይዞ ይወርዳል።

የዓለም ጤና ድርጅት በ1999 ዓ.ም. ይፋ ያደረገው ጥናት፣ አራት ሰዓትና ከዚያ በላይ ሳይንቀሳቀሱ ተቀምጦ መጓዝ ደም በእግር ሥር ውስጥ የመርጋቱን አደጋ በእጥፍ ገደማ እንደሚጨምር ያሳያል። አደጋው ለጤነኛ ሰው ትንሽ ነው፤ ከ6,000 ሰው በአንዱ ላይ የሚደርስ ነው። ይሁን እንጂ ዕድሜ ሲገፋ፣ ክብደት ሲጨምር ከፍ ይላል። እንቅልፍም እንዲሁ ነው። በአሜሪካ የብራውን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2008 ዓ.ም. እንዳሳተሙት፣ ሰው በማያውቀው ቦታ በሚያድርበት የመጀመሪያ ሌሊት የአንጎሉ አንዱ ወገን ከሌላው ይልቅ ነቅቶ ያድራል፤ ዘብ እንደሚጠብቅ ማለት ነው። “የሰው ቤት እንቅልፍ እንቢ አለኝ” የሚሉ አባቶቻችን አልተሳሳቱም።

ልብ ሲመርጥ

ሁለተኛው መልስ የልብ ነው። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቦና ምሁር ላውራ ካርስተንሰን ይህን ለብዙ ዓመታት አጥንታለች። ሰው ከፊቱ ረጅም ዘመን ያለው ሲመስለው አዲስ ቦታና አዲስ ሰው ይፈልጋል። ጊዜው እያጠረ ሲሄድ ግን ወደሚያውቃቸውና ወደሚወዳቸው ጥቂቶች ይሰበሰባል። ስለዚህ ቤት መውደድ ስንፍና አይደለም፤ የትዳር ፍቅር የመቀዝቀዝ ምልክትም አይደለም። ዕድሜ ያስተማረው ምርጫ ነው።

በዚህ ተጽናናሁ፤ ለባለቤቴም ልነግረው አሰብኩ። ነገር ግን ቀጥሎ ያነበብኩት አስደነገጠኝ። ይህችው ምሁርና በሆንግ ኮንግ ያለች ባልደረባዋ፣ በመስከረም 1994 ዓ.ም. አሜሪካ ላይ ከደረሰው የሽብር ጥቃት በኋላና በ1995 ዓ.ም. የሳርስ ወረርሽኝ ሆንግ ኮንግን ባስጨነቀ ጊዜ ሰዎችን ጠይቀው ነበር። ወጣቶቹም እንደ አረጋውያን መለሱ፤ አዲሱን ትተው የቅርባቸውን መረጡ። ሕይወት ተሰባሪ መሆኗን ያየ ሰው፣ ዕድሜው ገና ሳለ እንደ ሽማግሌ ይመርጣል ማለት ነው። እኔ ገና ሃምሳ አልሞላኝም። ታዲያ ቤቴ ያስቀመጠኝ ዕድሜ ነው ወይስ ሌላ?

ጎረቤታችን የጠየቁኝ ጥያቄ

ጥያቄውን በግልጽ ያነሡልኝ ጎረቤታችን የሆኑ አንዲት ሙስሊም እናት ናቸው። በከሚሴ እንደምታውቁት ቡና ሃይማኖት አይለይም፤ አቦሉን እርሳቸው ዘንድ፣ በረካውን እኛ ዘንድ የምንጠጣበት ቀን አለ። በዚያ ሳምንት ፊቴን አይተው ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። “አብሽሪ ልጄ” አሉና ሲኒውን አቀብለውኝ፣ “ቤትሽን ወደሽ ነው ወይስ መንገዱን ፈርተሽ?” አሉኝ።

በዚህ ጊዜ እንባዬ መጣ። እርሳቸው ያወቁት እኔ የደበቅኩትን ነው። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ከኮምቦልቻ ወደ ከሚሴ ሲደርስ ልጆቻችንን ይዘን ወደ ደብረ ብርሃን ሸሽተናል። የሄድነው በዚያው መንገድ ነው። በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. የተቃጠሉትን የአጣዬ ቤቶች በመስኮት እያየን አልፈናል። ያንን በተማሪነቴ የምወደውን ጣርማበርን በሌሊት፣ ልጄን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ ወጥቼዋለሁ። በታኅሣሥ ስንመለስ የቤታችን በር ተሰብሮ አልጋችን እንኳ አልነበረም። የመጀመሪያውን ሌሊት የተኛነው እኚህ እናት አሸክመው ባመጡልን ፍራሽ ላይ ነው።

ከዚያ ወዲህ ሻንጣ ለእኔ የሽሽት ዕቃ ነው። ባለቤቴ ከቁም ሣጥኑ ላይ ሲያወርደው ሆዴ ይላወሳል። ዶሮዎቹም ጉልበቴም ሰበብ ነበሩ። ለባለቤቴ ግን ይህን አንድም ቀን ነግሬው አላውቅም። የመጋቢ ሚስት ፈራሁ አትልም ብዬ አስብ ስለ ነበር።

ቤርዜሊና ካሌብ

በዚያ ሌሊት በ2ኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 19 ያለውን የገለዓዳዊውን የቤርዜሊን ታሪክ ከፈትኩ። ንጉሥ ዳዊት ወደ ኢየሩሳሌም ሲመለስ የሰማንያ ዓመቱን ሽማግሌ ከእርሱ ጋር እንዲሄድና በቤተ መንግሥት እንዲጦር ጋበዘው። ከዚህ የበለጠ ግብዣ አይገኝም። ቤርዜሊ ግን አልፈለገም። የምግቡ ጣዕም፣ የዘፋኞቹ ድምፅ እንደ ድሮው እንደማይሰማው ሳያፍር ተናገረ፤ በአገሩ፣ በአባቱና በእናቱ መቃብር አጠገብ መሞት እንደሚፈልግ ገለጸ። ዳዊትም አልተቀየመም፤ ስሞ ባረከው።

ሦስት ነገር አስተዋልኩ። አንደኛ፣ ቤርዜሊ እውነተኛውን ምክንያት ተናገረ፤ እንደ እኔ ዶሮ አላሳበበም። ሁለተኛ፣ ጨርሶ አልቀረም፤ ዮርዳኖስን ተሻግሮ ጥቂት መንገድ ንጉሡን ሸኘው። ሦስተኛ፣ ስጦታውን አላባከነም፤ በእርሱ ፈንታ ከመዓም እንዲሄድ ለመነ። ደግሞም ይህ ቤቱን የሚወድ ሰው፣ በምዕራፍ 17 እንደምናነበው፣ ዳዊት ከአቤሴሎም ሸሽቶ በምድረ በዳ ሳለ ምግብና መኝታ ይዘው ከደረሱት አንዱ ነው። የጎረቤታችንን ፍራሽ አሰብኩ።

በዚያው መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ካሌብ አለ። በሰማንያ አምስት ዓመቱ ተራራማውን አገር ስጡኝ ያለ ሰው ነው (ኢያሱ 14)። ሁለቱም ተወቅሰው አናነብም። በአንድ ቤት አንዱ ቤርዜሊ ሌላው ካሌብ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። የእኛ ቤት እንዲሁ ነው።

ምን አደረግን?

ለባለቤቴ ሁሉንም ነገርኩት። ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ፣ “እኔ ደግሞ መሄድ የፈለግሁት ያ ሌሊት የመጨረሻው ጉዟችን ሆኖ እንዳይቀር ነበር” አለኝ። ለካስ ሁለታችንም ስለ አንዱ ሌሊት ነበር የምንጣላው።

ወጣቶቹን ሰብስበን እውነቱን ነገርናቸው። አንዷ፣ “እትዬ፣ ምነው ቀድመው ቢነግሩን?” አለች እንጂ ማንም አልተቀየመም። በእነርሱ ፈቃድ አብዛኛውን ገንዘብ ቅዳሜ ተጋብተው ሰኞ ሥራ ለገቡ ሁለት ሙሽሮች ሰጠን፤ ላንጋኖ የሄዱት እነርሱ ናቸው። የእኛ ከመዓም መሆናቸው ነው! እኛ ደግሞ “ጥቂት መንገድ” ሄድን። መንገዱ ሰላም የሆነበትን ሳምንት ጠብቀን፣ በኮምቦልቻና በደሴ አልፈን፣ ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደምትርቀው ሐይቅ ተጓዝን። የመጀመሪያውን ሌሊት አልተኛሁም። በሁለተኛው ቀን በሐይቁ ዳር ስንራመድ ዋልን፣ ቆሮሶ ዓሣ በላን፣ ማታ እንቅልፍ ወሰደኝ። በሦስተኛው ቀን ቤቴ ገብቼ ጀበናዬን ሳነሣ ደስታዬ እጥፍ ነበር። ሻንጣውን ባዶ ያደረግሁት ያለ ፍርሃት ነው።

ለባለትዳሮች

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንድ ሠራተኛ ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀናት ዕረፍት ያገኛል። አዋጁ የት እንደምታርፉ አላዘዘም። ቤት ለማረፍ ከወሰናችሁ ግን ሁለታችሁም እረፉ። ባል በረንዳ ላይ ተቀምጦ ሚስት ለእንግዳ ወጥ የምትሠራበት ሳምንት ለእርሱ ዕረፍት፣ ለእርሷ ሥራ ነው። ወንድሞች፣ ሚስቶቻችሁ “ቤት ይሻለኛል” ሲሉ ቤቱ በእርግጥ ለእነርሱ የተሻለ መሆኑን እዩ።

ለመሄድ ከወሰናችሁ ዕድሜያችሁን አክብሩ። ረጅሙን መንገድ በአንድ ቀን አትጨርሱት፤ ወደ አዲስ አበባ ከሆነ ደብረ ብርሃን እደሩ። መኪናው በቆመ ቁጥር ወርዳችሁ ተራመዱ፤ ተቀምጣችሁም እግራችሁን አንቀሳቅሱ፤ ውኃ ጠጡ። የደም ግፊትና የስኳር መድኃኒታችሁን በእጅ ቦርሳ እንጂ ከመኪናው ላይ በሚጫን ሻንጣ አትክተቱ። የለመዳችሁትን ትራስ ብትይዙም አታፍሩ፤ እኔ ይዤ ነው የሄድኩት።

ከሁሉ በፊት ግን ማታ ቡና ስትጠጡ ያቺን የጎረቤታችንን ጥያቄ ተጠያየቁ። መልሱ “ቤቱን ወድጄ ነው” ከሆነ በሰላም ተቀመጡ፤ ማንም አይውቀሳችሁ። “መንገዱን ፈርቼ ነው” ከሆነ ግን ለትዳር ጓደኛችሁ ንገሩ፤ ዝም ስትሉ እርሱ ወይም እርሷ “እኔን ጠልተው ነው” ብለው ያስባሉና። ከዚያም አብራችሁ ጥቂት መንገድ ሂዱ።

በሚቀጥለው ዕትም እስክንገናኝ፣ ለመውጣታችሁም ለመግባታችሁም ሰላም ይሁን።