ሁለት ሥዕል በአንድ ፊልም ላይ፤ አንድ ሥዕል በሃያ አምስት ወረቀት ላይ

በድሮው የፊልም ካሜራ ፎቶ ያነሳ ሰው ሁሉ የሚያውቃት ስህተት አለች። ፊልሙ ሳይዞር መዝጊያው ሁለት ጊዜ ይጫናል። ከሳምንት በኋላ ፎቶ ቤት ሲኬድ የሙሽራይቱ ፊት ላይ የመኪና ጎማ፣ የአማትየው ካባ ላይ የዛፍ ቅርንጫፍ ተነባብሮ ይገኛል። ባለ ፎቶ ቤቱም አንገቱን ደፋ አድርጎ «ይቺ እንኳ ተበላሽታለች፤ አናስከፍልባትም» ይላል።

እንግዲህ ይህችው ስህተት ታስቦባት ስትሠራ፣ ከታች በእርሳስ 7/25 ተብሎ ሲጻፍባትና በመስታወት ውስጥ ሆና በጋለሪ ግድግዳ ላይ ስትሰቀል በሺህ የሚቆጠር ዶላር ትጠየቅባታለች። ለመሆኑ በፎቶ ቤቱ ቅርጫትና በጋለሪው ግድግዳ መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው? ያቺ 7/25 የምትባል ቁጥርስ ለገዢው የምትገባለት ቃል ምንድን ነው? ከደመወዙ ቆጥቦ ለቤቱ አንድ ጥሩ ፎቶግራፍ ለመግዛት የሚያስብ ሰው መልሱን አስቀድሞ ቢያውቅ ይበጀዋል። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

የጠገበና የተራበ ፊልም

ፊልም ብርሃን ሲነካው የሚለወጥ፣ ብርሃን ካልነካው ግን እንዳለ የሚቀመጥ ነገር ነው። ፎቶ ሲነሳ ነጭ ሰማይ ያረፈበት የፊልሙ ክፍል ብርሃን ጠጥቶ ይጠግባል፤ ጥቁር ልብስ ያረፈበት ክፍል ግን ገና እንደተራበ ነው። በዚያው ፊልም ላይ ሁለተኛ ፎቶ ቢነሳ አዲሱ ሥዕል ጎልቶ የሚታየው በተራበው ክፍል ላይ ነው። አንድ ሰው በነጭ ሰማይ ፊት ቆሞ እንደ ጥላ ጠቁሮ ቢነሳና በላዩ ላይ ደግሞ ሣር ቢነሳ፣ ሣሩ ከሰውየው ቅርጽ ውስጥ የበቀለ ይመስላል፤ ሰማዩ ግን ነጭ እንደሆነ ይቀራል።

ነገሩ ሒሳብም አለው። ሁለት ጊዜ የሚነሳ ከሆነ ለእያንዳንዱ የሚሰጠው ብርሃን ብዙውን ጊዜ በግማሽ ይቀነሳል፤ አራት ጊዜ ከሆነ ወደ ሩብ ይወርዳል። አለበለዚያ ፊልሙ ከመጠን በላይ ይጠግብና ሥዕሉ ገርጥቶ ይወጣል። ከሁሉም የሚከብደው ግን ሠሪው የሠራውን ማየት የሚችለው ፊልሙ ከታጠበ በኋላ ብቻ መሆኑ ነበር። የመጀመሪያውን ሥዕል በልቡ ይዞ ሁለተኛውን በላዩ ላይ በግምት ማሳረፍ ነበረበት። ከዛሬዎቹ ዲጂታል ካሜራዎች አንዳንዶቹ የመጀመሪያውን እያሳዩ ሁለተኛውን ስለሚያስነሱ ይህ ጭንቀት ቀሏል።

ሥዕልን በሥዕል ላይ ማዋሐድ ራሱ አዲስ ነገር አይደለም። በስዊድን ተወልዶ በእንግሊዝ አገር ይኖር የነበረው ኦስካር ሬይላንደር ከ30 በላይ ኔጌቲቮችን አጋጥሞ «ሁለቱ የሕይወት መንገዶች» የተባለውን ትልቅ ፎቶግራፍ በ1857 ማንቸስተር ላይ አሳይቷል። ገሚሱ ሰው «ይህ ማታለል ነው» ሲል፣ ንግሥት ቪክቶሪያ ግን አንድ ቅጂ ገዝታለች።

የዲትሮይቱ ሰው

በዚህ መንገድ ከተጓዙት መካከል ሃሪ ካላሃን ስሙ የሚነሳ ነው። በ1912 ዲትሮይት ውስጥ ተወለደ። በክራይስለር የመኪና ኩባንያ ተቀጥሮ ሲሠራ በ1938 የመጀመሪያ ካሜራውን ገዛ። የፎቶግራፍ ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጠም። ሆኖም በ1946 ቺካጎ በሚገኘው የዲዛይን ተቋም አስተማሪ እንዲሆን ተጠራ፤ በኋላም በሮድ አይላንድ ለብዙ ዓመታት አስተምሯል።

የካላሃን ሥራ አብዛኛው በሦስት ነገር ዙሪያ ነው፤ ከተማ፣ ተፈጥሮና ባለቤቱ ኤሊኖር። በ1936 ተጋቡ፤ ኤሊኖርም በካሜራው ፊት ብዙ ጊዜ ቆማለች። በ1950ዎቹ መጨረሻ ላይ ደቡብ ፈረንሳይ ኤክስ አን ፕሮቫንስ ሲቀመጡ የእርሷን አካል ከሜዳውና ከቁጥቋጦው ጋር በአንድ ፊልም ላይ አነባበረ። ተመልካች ሴቲቱ ከመሬቱ ትውጣ ወይም መሬቱ ከሴቲቱ ይውጣ መለየት ያቅተዋል። ፎቶ ቤቱ «ተበላሽታለች» የሚላት ነገር እዚህ ላይ ትርጉም አገኘች። አንድ ሰው የሚወዳትን ሴትና የሚያየውን ምድር በሁለት ሥዕል ለይቶ መናገር ሳይፈልግ ሲቀር እንዲህ ይላል።

አሁን ቁጥሩን እንመልከት። ካላሃን ጠዋት ጠዋት እየዞረ ያነሳል፤ ከሰዓት በኋላ የሙከራ ቅጂ ያትማል። በ1999 ሲሞት 100 ሺህ ያህል ኔጌቲቮችና ከ10 ሺህ በላይ የሙከራ ኅትመቶች ትቶ ሄደ። እርሱ ራሱ ግን በዓመት «ይህስ ሥራ ነው» ብሎ የሚቀበለው ግማሽ ደርዘን ያህል ብቻ እንደነበር ይነገራል። ይህ የመጀመሪያው ዓይነት ብርቅነት ነው፤ ሠሪው በራሱ ላይ ጨክኖ ከመምረጥ የሚመጣ።

ሌላው አሜሪካዊ ጄሪ ኡልስማን ደግሞ ማነባበሩን የሚሠራው በካሜራ ውስጥ ሳይሆን በጨለማ ክፍል ነበር። በርካታ የማጉያ መሣሪያዎችን በተርታ ያቆማል፤ በእያንዳንዱ ላይ የተለያየ ኔጌቲቭ አለ። አንዱን ወረቀት ከአንዱ ወደ አንዱ እያዛወረ ዛፉን በአንዱ፣ ድንጋዩን በሌላው፣ ሰማዩን በሦስተኛው ያስነካዋል። ፎቶሾፕ ከመምጣቱ ብዙ ዓመት በፊት፣ በ1967፣ የኒው ዮርኩ ዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ለብቻው ትርኢት አዘጋጅቶለታል። በእንዲህ ያለ አሠራር እያንዳንዱ ቅጂ እንደገና በእጅ ስለሚሠራ ቅጂዎቹ ቁርጥ አንድ ዓይነት መሆናቸው ያዳግታል። ይህ ሁለተኛው ብርቅነት ነው፤ ከእጅ ድካም የሚመጣ።

ከአፍ የወጣ ቃል

ሦስተኛው ብርቅነት ግን ከቃል ይመጣል። 7/25 ማለት በዚህ መጠን ከሚታተሙት 25 ቅጂዎች ይህ ሰባተኛው ነው ማለት ነው። ልማዱ ከመዳብ ላይ ከሚታተም ሥዕል የተወሰደ ነው። መዳቡ በታተመ ቁጥር ስለሚያልቅ ቅጂው የግድ ይወሰን ነበር። ኔጌቲቭ ግን እንደ መዳብ አያልቅም፤ ዲጂታል ፋይልማ ጭራሽ። ስለዚህ የፎቶግራፍ ቁጥር ከተፈጥሮ የመጣ ገደብ ሳይሆን «ከዚህ አላልፍም» የሚል የሰው ቃል ነው። ገዢው ገንዘቡን የሚሰጠው ለወረቀቱ ብቻ ሳይሆን ለዚህም ቃል ነው።

ቃሉ እስከ ምን ድረስ ይሄዳል? ይህ ጥያቄ ፍርድ ቤት ደርሷል። የሜምፊሱ ዊልያም ኢግልስተን በቀለም ፎቶግራፍ የታወቀ ነው። በመጋቢት 2012 ከድሮ ሥዕሎቹ 36ቱ በአዲስ ዲጂታል ኅትመት ከቀድሞው በጣም ጎልተው ኒው ዮርክ ውስጥ በሐራጅ ቀረቡና 5.9 ሚሊዮን ዶላር ያህል አወጡ። የቀድሞዎቹን አነስተኛ ቅጂዎች በቁጥር ውስን ናቸው ተብሎ የገዛ አንድ ሰብሳቢ «የያዝኩት ንብረት ረከሰብኝ» ብሎ ከሰሰ። ፍርድ ቤቱ በ2013 ክሱን ውድቅ አደረገው። ሐሳቡ ባጭሩ፣ መጠኑም አሠራሩም የተለየ ስለሆነ አዲሱ ኅትመት ሌላ ዕትም ነው፤ የድሮውን ዕትም ቁጥር አላበዛም የሚል ነው።

ሰብሳቢው የተከራከረበት ስሜት ለማንም ይገባል። ሆኖም ሠሪው የገዛ ሥዕሉን እንደገና የማተም መብቱም ቀላል ነገር አይደለም፤ በሽምግልናው ዘመን የሚጦረው እርሱ ሊሆን ይችላል። ትምህርቱ ግልጽ ነው። ቁጥሩ የሚያስረው የተጻፈውን ብቻ ነው። ያልተጻፈውን ገዢው በልቡ ቢያስበው ማንም አይጠየቅበትም።

ቃሉን እስከ መጨረሻው የወሰደም አለ። ብሬት ዌስተን በ1991፣ 80ኛ የልደት ቀኑን ሲያከብር፣ ከእርሱ በኋላ ማንም እንዳያትማቸው ብሎ አብዛኛዎቹን ኔጌቲቮቹን እሳት ውስጥ ጨመራቸው። በተቃራኒው አንሰል አዳምስ በ1941 ኒው ሜክሲኮ ውስጥ ያነሳትን የጨረቃ መውጣት ፎቶ በዕድሜው ከ1,000 በላይ ጊዜ አትሟታል፤ እንዲያም ሆኖ ቅጂዎቿ ዛሬም በውድ ይሸጣሉ። እንግዲህ ማነስ ብቻውን ዋጋ አያመጣም፤ መብዛትም ብቻውን ዋጋ አያጠፋም።

ከመግዛት በፊት

ከእኛም ልጆች እንደ አይዳ ሙሉነህ ያሉት በዚህ ገበያ ውስጥ ገብተዋል፤ ሥራዋ በ2018 በዚያው በኒው ዮርኩ ዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ለትርኢት ቀርቧል። ወደ ጋለሪ ጎራ የሚል አበሻም እየበዛ ነው። ሙሽራ «ካልታዘልኩ አላምንም» እንዳለችው፣ ገዢም በጽሑፍ ካልያዘ ባያምን አይፈረድበትም። የሚጠየቀውም ይህ ነው፤

ከመስመሩ በታች ያለው ቁጥር ስንት ነው? ይኸው ሥዕል በሌላ መጠን ታትሟል ወይስ ወደፊት ይታተማል? ከቁጥሩ ውጪ ለሠሪው የሚቀሩ ቅጂዎች ስንት ናቸው? ፎቶው መቼ ተነሳ፣ ይህ ወረቀትስ መቼ ታተመ? በምን ዓይነት ወረቀትና ቀለም? ፊርማው የማን ነው፤ የሠሪው ወይስ የወራሾቹ? በኒው ዮርክና በካሊፎርኒያ እንዲህ ያለውን ዝርዝር ሻጩ በጽሑፍ እንዲሰጥ የሚያስገድድ ሕግ ስላለ መጠየቁ ነውር አይደለም። ሻጩ ጥያቄው ከከበደው ገዢው ኮፍያውን አንስቶ ቢወጣ ይሻላል።

ከተገዛ በኋላ ደግሞ ፀሐይ በቀጥታ ከሚመታው ግድግዳና ከወጥ ቤት እንፋሎት ይራቅ። ሥዕሉ መስታወቱን እንዳይነካ፣ ከጀርባው የሚደረገው ካርቶንም አሲድ የሌለበት እንዲሆን ክፈፍ ሠሪውን ማሳሰብ ይገባል። የምስክር ወረቀቱ ከደረሰኙ ጋር ከፓስፖርቱ ጎን ይቀመጥ።

ከሁሉ በፊት ግን ሥዕሉ ራሱ ይታይ። ነገ ዋጋው ቢወድቅም ባይወድቅም ጠዋት ሲነሱ የሚያዩት እርሱን እንጂ ቁጥሩን አይደለም። እግረ መንገዱንም አንባቢ ያቺን በድሮ አልበም መጨረሻ የተሸጎጠች፣ የሙሽራይቱ ፊት ላይ የመኪና ጎማ ያረፈባትን «የተበላሸች» ፎቶ አንድ ጊዜ አውጥቶ ይያት። ኔጌቲቩ ጠፍቶ ይሆናል፤ ሌላ ቅጂም አይኖራት ይሆናል። ማንም ሳይጽፍባት 1/1 ናት።