የሱቅ ኪራይ ውል ሲያልቅ የተከራዩ መብት ምን ያህል ነው?

ንግድ ጸንቶ የሚቆመው በገንዘብ፣ በታማኝነትና በቦታ መሆኑን የማያውቅ ነጋዴ የለም። ስለ ገንዘብና ስለ ታማኝነት ዘወትር ይመከራል፤ ስለ ቦታ ግን የሚታሰበው ብዙውን ጊዜ ውሉ አልቆ ባለ ቤቱ የኪራዩን ዋጋ ከፍ ባደረገ ዕለት ነው። በዚያን ዕለት የሚደረገው ምክር ደግሞ ዘግይቶ የመጣ ምክር ነው።

ለምሳሌ ያህል ከወልድያ ተነሥቶ በጋሸና በኩል ወደ ወረታ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘውን የዋድላ ወረዳ ዋና ከተማ ኮንን መመልከት ይቻላል። ተሳፋሪውም፣ ጭነቱም፣ ገበያተኛውም የሚያልፈው በዚሁ መንገድ ስለ ሆነ፣ በመንገዱ ዳር ያለች አንዲት ክፍል ከሌላው ይልቅ ትፈለጋለች። አንድ ነጋዴ እንዲህ ያለችውን ክፍል በወር 3,000 ብር ለሁለት ዓመት ተከራየ እንበል። መደርደሪያና ባንኮኒ አሠራ፤ ወለሉን በሲሚንቶ አስለሰነ፤ ደንበኛም አፈራ። የደጋው ገበሬ በክረምት እጁ ሲያጥርበት ጨውና ሳሙና፣ ስኳርና ዘይት በዱቤ ይወስዳል፤ ገብሱና ምስሩ ተወቅቶ ሲሸጥ ይከፍላል። ውሉ በሐምሌ ቢያልቅና ባለ ቤቱ በወር 6,000 ብር ቢጠይቅ፣ የነጋዴው ገንዘብ ያን ጊዜ በገበሬው እጅ ነው፤ በወልድያና በደሴ ላሉት የጅምላ ነጋዴዎች የሚከፍለው ዕዳም ይጠብቀዋል። ጭማሪው በዓመት 36,000 ብር ነው። ቢከፍል ካፒታሉን ይበላል፤ ቢለቅ ዱቤውን የሚሰበስብበትን በር ያጣል። ስለዚህ ሁለቱም መንገድ ወደ ኪሳራ ያደርሰዋል።

ሕጉ ምን ይላል? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የኪራዩን ልክ የሚወስነው የሁለቱ ወገኖች ስምምነት ነው ይላል። እንደዚሁም በሚገባ የተደረገ ውል በተዋዋዮቹ መካከል እንደ ሕግ የጸና ነው። ስለዚህ ውሉ ሳያልቅ ባለ ቤቱ ብቻውን ዋጋ ሊጨምር አይችልም። ውሉ ካለቀ በኋላ ግን ለማደስ የሚያስገድደው ነገር የለም። ተከራዩ ባለ ቤቱ እያወቀና ሳይቃወም በቤቱ ውስጥ ቢቈይ፣ ውሉ ጊዜው ላልተወሰነ ዘመን እንደ ታደሰ ይቈጠራል፤ ይህንንም ቢሆን ባለ ቤቱ ማስጠንቀቂያ በመስጠት ሊያቋርጠው ይችላል። እንግዲህ በዝምታ የተገኘ መብት ደካማ መሆኑ ግልጽ ነው።

በዚያው በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ የኪራይን መብት ከንግድ መደብር ግዙፍነት ከሌላቸው ሀብቶች መካከል ቈጥሮት ነበር። ይኸውም ቦታው ራሱ የንግዱ አካል መሆኑን መመስከር ነው። የፍትሐ ብሔሩን ሕግ ያረቀቁት ሬኔ ዳቪድ፣ የንግዱን ሕግ የጀመሩት ዣን ኤስካራና የፈጸሙት አልፍሬድ ዦፍሬ ፈረንሳውያን ነበሩ። በአገራቸው እ.ኤ.አ. በ1926 የወጣው ሕግና እ.ኤ.አ. በ1953 የወጣው ድንጋጌ፣ የነጋዴን ውል ለማደስ እንቢ ያለ ባለ ቤት በቂ ምክንያት ከሌለው ካሣ እንዲከፍል ያዝዛሉ። በእንግሊዝ አገርም እ.ኤ.አ. በ1954 በወጣው ሕግ መሠረት ነጋዴው አዲስ ውል እንዲሰጠው ለዳኛ ማመልከት ይችላል፤ ዳኛውም የሚወስነው ኪራይ የገበያውን ዋጋ የተከተለ ነው። ሁለቱም አገሮች ባለ ቤቱን አልነጠቁትም፤ ነጋዴው በድንገት እንዳይነሣ ብቻ ጠበቁት።

የባለ ቤቱንም ወገን መስማት ይገባል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ብር የመግዛት ኃይሉ ቀንሷል፤ ከሁለት ዓመት በፊት የተስማማበትን ኪራይ ዛሬ የሚቀበል ሰው ያንኑ ያህል ዕቃ አይገዛበትም። በኪራይ ብቻ የምትተዳደር አሮጊትም ባለ ቤት ናት። ደግሞም ዋጋን በትእዛዝ ማሰር የሚያመጣው ጕዳት በአገራችን ታይቷል። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤቶች ተወርሰው ዝቅተኛ ኪራዮች ተቀነሱ። ተከራዩ ለጊዜው ዐረፈ፤ ነገር ግን ኪራዩ ለእድሳት ስላልበቃ ብዙዎቹ የቀበሌ ቤቶች ፈራረሱ። ስለዚህ የሚያስፈልገው ዋጋን ማሰር ሳይሆን ጊዜንና ሥርዓትን መወሰን ነው።

መጋቢት 24 ቀን 2016 ዓ.ም. የጸደቀው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ለዚህ መንገድ ከፍቷል። ውሉ በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ፣ ዘመኑ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያው ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ያዝዛል። ነገር ግን ስሙ እንደሚያመለክተው አዋጁ የወጣው ለመኖሪያ ቤት ነው፤ ሱቅንና መጋዘንን አይጠብቅም። ቤተ ሰቡ ለሚያድርበት ቤት ጥበቃ ተሰጥቶት፣ ቤተ ሰቡ ለሚበላበት ሱቅ አለመሰጠቱ ሊታረም የሚገባው ጕድለት ነው። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነት በሰሜን ወሎ ሲያልፍ ንብረቱ ተዘርፎ በብድር እንደ ገና የጀመረ ነጋዴ ሁለተኛ መነቀልን አይችልም።

ሕጉ እስኪሻሻል ድረስ ግን ነጋዴው እጁን አጣጥፎ መቀመጥ የለበትም። አንደኛ፣ ውሉ በጽሑፍ ይሁን፤ የአጨማመሩም ልክ አስቀድሞ ይወሰን። ሁለተኛ፣ ዋጋ የሚጨምር ወይም የማያድስ ባለ ቤት ከስድስት ወር በፊት እንዲያስታውቅ በውሉ ይጻፍ። ሦስተኛ፣ የውሉ ማለቂያ በክረምት ሳይሆን ዱቤ ተሰብስቦ ባለቀበት ወራት፣ በየካቲት ወይም በመጋቢት ይሁን። አራተኛ፣ ነጋዴው በቤቱ ላይ ያወጣው ወጪ እንዴት እንደሚታሰብ በዝርዝር ይጠቀስ። የንግድ ምክር ቤቶችም ይህን የያዘ አንድ ዐይነት የውል ቅጽ አዘጋጅተው ለአባሎቻቸው ቢያድሉ፣ ክርክርም ሲነሣ ዳኝነት ከመድረሱ በፊት ሽማግሌ ቢሰይሙ፣ ለነጋዴውም ለባለ ቤቱም ትልቅ አገልግሎት ይሆናል። ባለ ቤቱም ቢሆን ሱቁ ሦስት ወር ተዘግቶ ከሚቀመጥበት፣ የታወቀ ተከራይ በልክ ጨምሮ ቢከፍለው ይሻለዋል።

በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይባላል። የኪራይ ውሉን በደኅናው ቀን ያልጻፈ ነጋዴ በጭንቅ ቀን የሚያሳየው ወረቀት አይኖረውም።